ልጄ ሀሁን በቃሉ ይወጣዋል፣ ነጥዬ ስጠይቀው ግን አያውቅም ለምትሉኝ ወላጆች

ይሄንን የምጽፈው አንድ አይነት ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው። ደብረ ብርሃን 1ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ጠዋት ልጅ ሊያደርስ የመጣ ወላጅ በር ላይ ይይዘኝና «ቲቸር፣ ልጄ ሀሁን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይወጣዋል፣ አንዷን ፊደል ነጥዬ ይቺ ማናት ስለው ግን ዝም ይላል፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል። ከመሐል ሜዳም ከሸዋ ሮቢትም የሚደውሉልኝ ዘመዶች የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነው። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የጠየቀኝ ሁሉ እዚህ ያንብበው።

ልጁ የያዘው ዜማውን ነው። ሀ ካለ ሁ ሂ ሃ ራሱ አፉ ላይ ይመጣል፣ አይኑ ግን ፊደሏን ገና አላወቃትም። ሰንፎ አይደለም። ቁጥርም ላይ እንደዛው ነው፣ እስከ 100 ይቆጥርላችኋል፣ 7 እንቁላል አምጣ ስትሉት ግን 9 ይዞ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ስራ ሁሉ ያንን ተራ ለመስበርና አይንና እጁን ለማሰራት ነው። ለዜሮ ክፍል፣ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ይሆናል። ማንበብ የማትችሉ ወላጆችም ብዙውን መስራት ትችላላችሁ፣ የትኛውን እንደሆነ እዛው እዛው እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ እቃዎች

- የፓስታ ወይም የብስኩት ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ በሚያክል መጠን የተቆረጠ። ለመጀመሪያው 33 ይበቃል፣ በኋላ ትጨምራላችሁ
- አንድ ጥቁር ማርከር
- ጠመኔ
- ሰፌድ ወይም ትሪ፣ ላዩ ላይ የሚሰጣ ደረቅ አሸዋ ወይም ፉርሽካ
- ባቄላ ወይም ሽንብራ 30 ፍሬ (ቆላ ያላችሁ ማሾ አትጠቀሙ፣ በጣም ስለሚደቅ ለጣቱ አይመችም፣ የለስላሳ ቆርኪ ይሻላል)
- ጭራሮ ወይም ስንደዶ 50 ያህል፣ ማሰሪያ ክር
- እርሳስና አንድ ደብተር

ገንዘብ የሚያስወጣው ማርከሩና ጠመኔው ነው፣ ሌላው ቤት አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይሄንን አንብቡ

ባቄላና ሽንብራ ለ6 እና ለ7 አመት ልጅ ችግር የለውም፣ ግን ቤት ውስጥ ከሱ የሚያንስ ህጻን ካለ አፉ ወይ አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ቆጥራችሁ ስጡ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፣ 30 ከሰጣችሁ 30 ይመለስ (እሱም አንድ ቆጠራ ነው)። አፍንጫ ወይ ጆሮ ውስጥ ከገባ ደሞ ውሃ አታፍስሱበት፣ እህሉ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይብስበታል፣ በጸጉር መርፌም አትቆርቁሩት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለዘር የተቀመጠ፣ መድኃኒት የነካው እህል በፍጹም ለልጅ መቁጠሪያ አይሰጥም። ልጅ እየቆጠረ እጁን ይልሳል።

ሌላው ብርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ውርጩ ሲጠና ሁላችንም ከሰል አስገብተን በር ዘግተን መቀመጥ እንወዳለን፣ ጭሱ ካለቀ ደህና ይመስለናል፣ ግን የጋመ ከሰል ሽታም ጭስም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። በሩ ወይ መስኮቱ ይከፈት፣ ልጁ ጋቢ ይደረብለት። ካልሆነ ጸሐይ ላይ ውጡና ስሩ።

አሰራሩ

1. ሰዓት ቁረጡ

በቀን 20 ደቂቃ፣ ከዛ አይበልጥም። ከበላ በኋላ፣ ሳይመሽ፣ በየቀኑ በዛው ሰዓት። ግማሹን ለፊደል ግማሹን ለቁጥር። አንዳንዱ ወላጅ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይከርምና ቅዳሜ 3 ሰዓት ሙሉ ያስቀምጠዋል፣ ይሄ አይጠቅምም፣ በዚህ እድሜ ያለ ልጅ ዛሬ ያየውን ነገ ደግሞ ካላየው ይረሳዋል። ሰዓቱ አንድ አይነት ሲሆን ደሞ ጭቅጭቁ ይቀራል፣ እራት መብያ ሰዓት ሲደርስ እንደማትከራከሩት ማለት ነው።

2. መጀመሪያ የሚያውቀውን ለዩ

33ቱን ግዕዝ ፊደላት (ሀ ለ ሐ መ እያላችሁ እስከ ፐ) በካርቶኖቹ ላይ አንድ አንድ ጻፉና እንደ ካርታ በውዙት። አንድ በአንድ እያወጣችሁ ጠይቁትና በሶስት ቦታ ክምሩት፣ ወዲያው የመለሰው አንድ ቦታ፣ አስቦ የመለሰው አንድ ቦታ፣ ያላወቀው አንድ ቦታ። በዚህ ቀን አታርሙት አትቆጡት፣ ዝም ብላችሁ ለዩ። ብዙ ወላጅ ይሄን እርምጃ ይዘለውና ልጁ የሚያውቀውን 20 ፊደል በየቀኑ ሲያስጮኸው ይከርማል፣ የማያውቃቸው 13ቱ ግን እዛው ይቀራሉ። የምትሰሩት በመሀለኛውና በመጨረሻው ክምር ላይ ነው።

ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ይቺን አንድ ቀን ብቻ ታላቅ እህቱን ወይ ጎረቤት ለምኑና ያሰሩላችሁ።

3. በ28 ፊደል ጀምሩ፣ በ231 አይደለም

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ገበታው ላይ 33 በ7፣ 231 ፊደል አለ፣ ለልጅ አይን 231 የተለያየ ስዕል ማለት ነው። ግን በ፣ ከ፣ ለ፣ ሰ ብቻ ወስዳችሁ 7 ቤታቸውን ብታስይዙት 28 ብቻ ነው፣ ሁሉም ሁለት እግር ስላላቸው ለውጡ በግልጽ ይታያል። እንዲህ እያላችሁ አሳዩት፦

ካዕብ፣ ቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ቡ ኩ ሉ ሱ
ሣልስ፣ ቀኝ እግሩ ስር ጫማ ያደርጋል፦ ቢ ኪ ሊ ሲ
ራብዕ፣ ቀኝ እግሩ ይረዝማል ግራው ያጥራል፦ ባ ካ ላ ሳ
ኃምስ፣ ቀኝ እግሩ ስር ቀለበት ያደርጋል፦ ቤ ኬ ሌ ሴ
ሳብዕ፣ ግራ እግሩ ይረዝማል፦ ቦ ኮ ሶ፣ ሎ ግን ለብቻዋ አናቷ ላይ ቀለበት አላት

ሳድስ (ብ ክ ል ስ) ህግ የለውም፣ እያንዳንዱ ለብቻው በአይን ነው የሚያዘው። ልጆች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ለሳድስ ሁለት እጥፍ ጊዜ ስጡ፣ አማርኛ ቃል ደሞ ያለ ሳድስ ብዙ አይሄድም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በ እና ሰ ይመሳሰላሉ፣ ለ ም ትቀርባቸዋለች። ማስተማር በጀመርኩበት አመት አራቱንም ባንድ ቀን ሰጥቼ ልጆቹ ቀላቅለውብኝ ወር ሙሉ ሳስተካክል ከርሜያለሁ። ስለዚህ በ እና ከ አስቀድሙ፣ ሁለቱ ሲጸኑ ለ፣ ሰ መጨረሻ ላይ ትምጣ።

ገበታው ላይ አግድም (በ ቡ ቢ ባ) ብቻ አታስነብቡት፣ ያ ወደ ዜማው ይመልሰዋል። ወደ ታች አስነብቡት፣ ቡ ኩ ሉ ሱ፣ ቢ ኪ ሊ ሲ። ከዛ በውዛችሁ። የቄስ ትምህርት የተማሩ አያት ካሉ አቡጊዳን ያውቃሉ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ የሚለውን፣ ያ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ በየፊደሉ ቤቱ ስለሚቀያየር ልጁ በዜማ እንዳያመልጥ ያደርገዋል። አያትየው ያስቀጥሉት፣ በጣም ጥሩ ነው። ልጁ ሁሌ በስንጥር ፊደሏን እየነካ ይበል፣ ስንጥሩ ካልነካት አፉም አይጥራት።

4. ቃል አስነብቡት፣ ፊደል እስኪያልቅ አትጠብቁ

በነዚህ 28 ፊደሎች ብቻ ይሄን ሁሉ ማንበብ ይችላል፦ ልብ፣ ላብ፣ ኪስ፣ ካባ፣ ከሰል፣ ልብስ፣ ስልክ፣ ሳል። ካርዶቹን አጠገብ ለአጠገብ ደርድሩና «ኪ፣ ስ» ካለ በኋላ ፈጠን አድርጎ አያይዞ እንዲለው አድርጉ። መጀመሪያ ቀን ላይያያዝለት ይችላል፣ እናንተ ቀስ ብላችሁ አንዴ አያይዙለትና እሱ ይድገም። ልጅ ኪሱን እያየ ኪስ የሚለውን ራሱ ያነበበ ቀን ፊቱን ማየት ነው፣ ከዛ በኋላ ራሱ ነው የሚጎትታችሁ።

ቀጥሎ መ፣ ተ፣ ገ፣ ረ፣ አ ጨምሩ፣ ቤት፣ ላም፣ በግ፣ በር፣ ገብስ፣ ምጣድ እያለ ይሄዳል (ለምጣድ ጠ ቤትን ሳይሆን ጣ ንና ድ ን ብቻ አስቀድማችሁ አሳዩት)። የሚያነበውን ቃል በወረቀት ጽፋችሁ እቃው ላይ ለጥፉ፣ በር ላይ በር፣ አልጋ ላይ አልጋ። በየ3 ቀኑ ወረቀቶቹን አንስታችሁ አቀያይሩና «ማነው የተሳሳተው ቦታ የተለጠፈው?» በሉት። ካላነሳችሁት ወረቀቱን ሳይሆን በሩን አይቶ ነው በር የሚለው።

ሸ ቸ ኘ ኸ ዠ ጀ ጨ እናታቸው ከተያዘች በኋላ ይምጡ። ሸ ማለት ኮፍያ ያደረገች ሰ ናት፣ ቸ የተ፣ ኘ የነ፣ ኸ የከ፣ ዠ የዘ፣ ጀ የደ። ጨ ግን ኮፍያ የላትም፣ እግሯ ስር ቀለበት ያደረገች ጠ ናት። እናትየዋ ሳትጸና ኮፍያ ያደረገችውን ካመጣችሁ ሁለቱም ይጠፋሉ። ድምጻቸው አንድ የሆኑትን ማለትም ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ደሞ በተለያየ ሳምንት። ልጁ ሰላምን ሠላም ብሎ ቢጽፍ በዚህ ደረጃ ስህተት ብላችሁ ቀይ አታስምሩበት፣ ድምጹን በትክክል ሰምቶ ጽፏል፣ የትኛው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍ ከመማሪያ መጽሐፉ እያየ ይለምደዋል።

5. እጁ ሳይጠና እርሳስ አትስጡ

ሰፌዱ ላይ አሸዋ ወይ ፉርሽካ ስስ አድርጋችሁ አስጡና በጣቱ ይጻፍ። ሲሳሳት በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ይደግማል፣ ደብተር ላይ እንዳለው ስርዝ ድልዝ አይታይበትም ስለዚህ አይፈራም። ትልቅ አድርጎ ሲጽፍ ደግሞ ክንዱ ጭምር ቅርጹን ይይዛል። ሳምንት ያህል ከቆየ በጠመኔ ሲሚንቶ ወለል ወይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከዛ በእርሳስ። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጀምር። እርሳሱን አጠር አድርጋችሁ ቁረጡለት፣ ረጅም እርሳስ ለትንሽ እጅ ይከብዳል፣ አጭር ከሆነ በሶስት ጣት መያዙ የግድ ይሆንበታል። ጣቱ ደካማ ከሆነ ሊጥ ሲቦካ ትንሽ ስጡትና እያድቦለቦለ ፊደል ይስራ።

ግራኝ ከሆነ ባካችሁ በግድ በቀኝ እጁ አታጽፉት፣ ግራ እጁንም አትሰሩበት። በግራው በደንብ ይጽፋል፣ የደብተሩን አናት ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሉለት፣ የጻፈውን በእጁ ሳይጋርድ ያየዋል። በግድ ወደ ቀኝ ሲቀየር ፊደሉን ትቶ ከእጁ ጋር ሲታገል ነው የሚውለው።

6. ቁጥር (ይሄኛውን ማንም ይሰራዋል፣ ማንበብ አያስፈልግም)

ሀ) አንድ ለአንድ። ቡና ሲፈላ ስኒ እሱ ያቅርብ። «ስንት ሰው አለ? ስንት ስኒ ጎደለ?» አንድ ሰው አንድ ስኒ። ባቄላ ሲቆጥር እያንዳንዷን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጣት፣ በጣት እየጠቆመ ብቻ ከሆነ አንዷን ሁለቴ ይቆጥራል ወይ ይዘላል። ቆጥሮ ሲጨርስ «ስለዚህ ስንት ናቸው?» በሉት፣ እንደገና ከአንድ ከጀመረ የመጨረሻው ቁጥር ብዛቱ መሆኑ ገና አልገባውም ማለት ነውና እዚሁ ላይ ቆዩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካን ደሞ ለ1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ተጠቀሙበት።

ለ) እስር። ይሄ ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል ነው። ልጆች ሃያ አምስት ጻፍ ሲባሉ 205 ይጽፋሉ፣ በየአመቱ አያለሁ፣ የሰሙትን ነው የጻፉት፣ ሃያ 20 ነው አምስት 5 ነው። 10 ጭራሮ እየቆጠረ በክር ይሰር። ሁለት እስርና አምስት ነጠላ አስቀምጡ፣ «እስሩ ስንት ነው? 2። ነጠላው? 5።» እስሩ ስር 2 ነጠላው ስር 5 ይጻፍ። 205 መጻፉን የሚያቆመው በእጁ አስሮ ሲያየው ነው፣ በቃል መቶ ጊዜ ብትነግሩት አይገባውም። መደመርም በዚሁ ነው፣ 18 እና 7 ሲሆን ነጠላዎቹ 15 ይሆናሉ፣ አስሩን ያስራቸውና ወደ እስሮቹ ይወስዳል፣ ትምህርት ቤት «አንድ ይዤ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሚገባው።

ሐ) መቀነስ። ገጠር ያላችሁ ጥሩ እድል አላችሁ። ማታ በጎቹ ሲገቡ በር ላይ እሱ ይቁጠር፣ ጠዋት 9 ወጡ 8 ገቡ፣ ስንት ቀረ? ከተማ ያላችሁ እንጀራ ከመሶብ ሲወጣ፣ እንቁላል ሲጠበስ። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ደሞ ግማሽና ሩብን አሳዩት።

ገበጣ የምትችሉ አጫውቱት፣ ህጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ የምታውቁት ይሁን፣ ጠጠሩን በየጉድጓዱ እየጣለ ሲሄድ ሳያውቀው ይቆጥራል፣ ቆይቶ ደሞ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማስላት ይጀምራል።

7. ውጪ ሲጫወት

ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በየሳጥኑ ውስጥ በጠመኔ ያልያዛቸውን ፊደላት ጻፉ፣ የረገጠውን እየጠራ ይዝለል። ቀና ብላችሁ ከሩቅ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ሳጥኖቹን ነገ ቀይሩ።

8. ማታ፣ መብራት ሳያስፈልግ

እንቆቅልህ ምን አውቅልህ ተባባሉ። ተረት ንገሩት፣ ከዛ «ማን ነበር? ምን ገጠመው? መጨረሻው ምን ሆነ?» ብላችሁ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ይሄ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው አሉ፣ ግን ልጁ ማንበብ ሲጀምር ያነበበው የሚገባው ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ካወቀው ነው። ፊደል የማይቆጥሩ እናትና አያት ከአስተማሪ የበለጠ የሚሰጡት ነገር እዚህ ጋ ነው፣ እባካችሁ «እኔ አልተማርኩ ምን አውቄ» አትበሉ። የድምጽ ጨዋታም ጨምሩ፣ «በ በ ብሎ የሚጀምር ምን አለ?» በሉት፣ በሬ፣ በር፣ በርበሬ ይላል። «ላም መጨረሻዋ ምንድነው?» ብላችሁ ም እንዲላችሁ አድርጉ፣ ሳድስን የሚያቃልልለት ይሄ ነው።

9. በሳምንት አንዴ

እሁድ ካርዶቹን እንደገና በውዛችሁ ሶስቱን ክምር ስሩ። የማያውቀው ክምር ከቀነሰ አዲስ 3 ፊደል ጨምሩ፣ ካልቀነሰ ምንም አትጨምሩ፣ የነበረውን አንድ ሳምንት ድገሙ። መጨመር የሚያጓጓችሁ እናንተን ነው፣ ልጁ ጋ ግን አዲሱ የድሮውን ይገፋዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሙሉ ገጽ አንድ ፊደል ማስገልበጥ። ከ5ኛው በኋላ ልጁ የሚገለብጠው ሞዴሉን ሳይሆን ራሱ ከላይ የጻፈውን ነው፣ ጠማማ ከሆነ ጠማማውን 40 ጊዜ ይለማመደዋል። 5 ይጻፍ፣ ከ5ቱ ቆንጆዋን ራሱ መርጦ ያክብባት።

መማታትና «ደደብ» ማለት። የፈራ ልጅ ፊደሏን ሳይሆን የእናንተን ፊት ነው የሚያነበው፣ አንደበታችሁን እያየ ይገምታል። ከተናደዳችሁ የዛን ቀን እዛው ላይ አቁሙ፣ ነገ አለ።

መልሱን ቶሎ መንገር። ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ካልመጣለት ንገሩት፣ ከሌላ 3 ካርድ በኋላ ያቺኑ መልሳችሁ አውጡ።

አማርኛ ፊደሉ ሳይጸና እንግሊዝኛውን አብሮ መጫን። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ይበቃዋል፣ ቤት ውስጥ አንዱ ይጽና።

ታላቅ ወንድሙን ወይ እህቱን አስተማሪ አድርጎ መተው። 10 ደቂቃ ጥሩ ነው፣ ከዛ ካለፈ ጸብ ይሆናል፣ ታላቅየውም የራሱ ጥናት አለበት።

ከአስተማሪው ጋር መነጋገር የሚያስፈልግበት ጊዜ

በየቀኑ ሰርታችሁ ከሁለት ወር በኋላም በመሀለኛውና በመጨረሻው ክምር ላይ ለውጥ ከሌለ ካርዶቹን እንዳሉ ይዛችሁ የክፍሉን አስተማሪ አናግሩ፣ የትኞቹ ላይ እንደቆመ አይቶ የሚረዳው ነገር ይኖራል። ከዛ በፊት ግን አይኑንና ጆሮውን አስቡ። ደብተሩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ፣ ሰሌዳ ሲያይ አይኑን የሚያጨነቁር፣ ከሩቅ ያለ በግ የማይለይ ልጅ አይኑ መታየት አለበት። ከጀርባው ቀስ ብላችሁ ስትጠሩት የማይዞር ከሆነ፣ ወይ ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ጆሮው ይታይ። አይን ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ግን አስተማሪው ወደ ፊት ወንበር እንዲያመጣው በዛው ቀን ንገሩት፣ እሱ ወረፋ የለውም።